አባቷ ካሜራው ፊት የተናገሩት

ባለፈው ሳምንት ዓብዩን የተውነው ሲልቨር ስፕሪንግ በተከራያት ቤዝመንት ውስጥ፣ ዕድላዊት የላከችለትን አንድ መስመር መልእክት ደጋግሞ ሲያነብ ነው። «አባዬ ያለበትን ትዕይንት ከፊልሙ ካላወጣኸው እንዳትደውልልኝ» ይላል። ከበታቹ ምንም የለም። ወትሮ የምታክላት ትንሽ ልብ እንኳ ቀርታለች። ታሪኩን ከዛሬ ለሚጀምሩ አንባቢዎች፣ ይህች አንድ መስመር ሰውየውን ለምን እንዲህ እንዳንገዳገደችው ባጭሩ መናገር ይገባል።

ዓብዩ ፊልም ሠሪ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ሐበሻ ግን የሚያውቀው በሠርግ ቪዲዮ አንሺነቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አዳራሾች ሙሽሮችን ይቀርጻል፤ በሥራ ቀን የስብሰባና የምርቃት ሥራ ሲገኝ ካሜራውን ይዞ ይሄዳል። እሑድን ለማንም አይሰጥም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተዋናዮቹ ይመጡለታል፦ ነርሶች፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ የፓርኪንግ ሠራተኞች፣ ጡረተኞች። አንዱ ሺፍት ሲቀየርበት ትዕይንቱ ለሌላ እሑድ ይተላለፋል። በረዶ ላይ የተጀመረ ንግግር በሙቀት ወራት የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ተዋናዩ በመካከሉ ይወፍራል፣ ጢሙን ያሳድጋል፣ አንዳንዱም ወደ ሌላ ስቴት ይዛወራል። ዓብዩ አይቆጣም። ታሪኩን ከሰውየው ኑሮ ጋር አብሮ ያስኬደዋል እንጂ ሰውየውን ለታሪኩ አያጣምምም።

የመጀመሪያውን ፊልሙን የሚቀበል አዳራሽ ስላጣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ግድግዳ ላይ አንሶላ ወጥሮ አሳየው። ትኬቱን በር ላይ ቆሞ የቆረጠውም፣ ወንበሩን መልሶ የደረደረውም ራሱ ነበር። ሁለተኛው ባሕር ተሻግሮ በፌስቲቫሎች ታየ። ከዚያ በኋላ ከሌላ ከተማ አንድ ኩባንያ መጥቶ ሦስተኛውን እኛ እናሠራልህ አለው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ እንዲሆን፣ ሽማግሌዎቹ ቆመው የሚለምኑበት ረጅም ትዕይንትም እንዲያጥር ፈለጉ፤ የውጭ ተመልካች ያን ያህል አይታገሥም ብለው። ዓብዩ አመስግኖ እስከ መኪናቸው ሸኛቸው። በኋላ ጓደኛው ምን ብለህ መለስካቸው ቢለው «የሽማግሌ ሥራው እኮ መቆም ነው፤ መቆሙን ከቆረጥኩት ምን ይቀረኛል?» አለ።

አንድ የማይሽረው ሕግም አለው። ፊቱ በፊልሙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከሕዝብ በፊት ራሱን ያያል፤ «አውጣኝ» ካለ ይወጣል። አንዲት ሴትዮ «ጉንጬ አብጧል» ብለው ከሁለተኛው ፊልም ያማረውን ትዕይንት አስጥለውታል። ምሳ ጋብዟቸው አወጣቸው።

ሦስተኛው ፊልሙ «የእሑድ ሰዎች» ይባላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አውቶቡስ የሚነዳ ወጣት ቨርጂኒያ ላለች ልጅ ሽማግሌ ልኮ የሚከለከልበት ታሪክ ነው። ልጅቷን ሆና የምትሠራው ዕድላዊት ናት፤ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነርስ የሆነች፣ ለኢንጂነር ሠረቀብርሃንና ለወይዘሮ ስሂን አንዲት ልጅ። ዓብዩ ካሜራው ክፍት ሲሆን ዓይኑን አይነቅልባትም፤ ካሜራው ሲዘጋ ቀና ብሎ ሊያያት ይፈራል። አንድ እሑድ መብራት ሲያስተካክል ጠጋ ብላ «የምታየኝ አንተ ነህ ወይስ ካሜራው?» አለችው። እጁ ላይ የነበረው ገመድ ወደቀ። ፍቅራቸው ከዚያ ጀመረ።

ኢንጂነሩ ወሬው ሲደርሳቸው አልጮኹም። «ቪዲዮ አንሺ ነው» አሉ፤ በቃ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዕድላዊት ያን ቃል ከዓብዩ ደብቃ ነበር፤ እናቷ ግን በየዋህነት ነገሩት።

ወይዘሮ ስሂን ፊልም የሚባል ነገር ይወዳሉ። የሽማግሌዎቹ ትዕይንት የተቀረጸው በእሳቸው ሳሎን ነው። የሙሽሪትን አባት ሆኖ የሚሠራው ሰው በዕለቱ ታሞ ሲቀር ወደ ባላቸው ዞሩና «አንተ ራስህ አባት አይደለህ እንዴ? ተነሣና ቁጭ በል፤ ይሄ ምን ትወና ይጠይቃል?» አሉ። ኢንጂነሩ ሰው እንዳይጉላላ ብለው እሺ አሉ። የተጻፈላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ልጄን አልሰጥም፤ ሂዱልኝ።»

ሽማግሌ ሆነው የሚሠሩት ጋሽ አያሌው በእውነተኛ ኑሯቸውም ስንቱን ያጋቡ ሰው ናቸው። ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ሳሎኑ መሐል ቆሙ። «ተቀመጡ» ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ልጅቷን ጠየቁ። ኢንጂነሩ ግን የተጻፈላቸውን አልተናገሩም። ጋሽ አያሌውን አልፈው ወደ ካሜራው፣ ከካሜራውም ኋላ ወደቆመው ሰው ተመለከቱ።

«ልጄን አልሰጥም» አሉ። «ልጃችሁ መጥፎ ነው ብዬ አይደለም። አገር ቤት ሴት ልጅ ትዳሯ ቢከፋባት የአጎቷን በር ታንኳኳለች። እሱ ባይኖር አክስቷ አለች፣ የክርስትና እናቷ አለች። እዚህ ያላት አንድ በር ነው፤ ይሄ የገባችሁበት። የበሩ ባለቤት ደግሞ አርጅቷል። እኔ የሌለሁ ቀን ማን ይከፍትላታል? ሕልም ያለው ሰው ነው ትሉኛላችሁ። ሕልም ይከፍትላታል?»

ፊልሙ ውስጥ ያለው ወጣት ሾፌር ነው፤ ስለ ሕልም የጻፈ ሰው የለም። ማንን እንደሚሉ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ገባው። ሁሉም ጸጥ አለ። ኢንጂነሩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሩን አዩ። ያኔ ጋሽ አያሌው ከልማዳቸው የተነሣ አላስቻላቸውም፤ «ኢንጂነር! እኛ ታዲያ ምንድን ነን? ግድግዳ?» አሉ። ሳሎኑ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ኢንጂነሩ ቀስ ብለው ተነሥተው ደረጃውን ወጡ። ዕድላዊት ከወጥ ቤቱ በር ኋላ፣ የተሰጣትን የብርጭቆ ትሪ እንደያዘች ቀረች።

የዓብዩ ችግር እንግዲህ ይሄ ነው። ፊልሙ የሚታይበት አዳራሽ ተይዟል፤ ሰኞም ወደዚያ መላክ አለበት። ያ ትዕይንት ከወጣ የሚላከው ሌላ ፊልም ነው። ካልወጣ ደግሞ ዕድላዊት የለችም።

*

«አልደውልም» ብሎ ጻፈላት። «ሐሙስ ከሺፍትሽ በኋላ የድሮው ቦታ እጠብቅሻለሁ። ካልመጣሽ አልቀየምሽም።»

የድሮው ቦታ ክሪስታል ሲቲ ያለ ትንሽ ካፌ ነው። ሐበሻ የማያየን ቦታ ብለው መርጠውት ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ቡናውን የቀዳላቸው ልጅ «እንዴት ናችሁ?» ብሎ በአማርኛ ሰላም አላቸው።

የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። አልተቀመጠችም።

«አወጣኸው?»

«አላወጣሁትም። ተቀመጪ እስቲ።»

«ካላወጣኸው ምን ልሁን ብዬ ነው የምቀመጠው?»

«ሳታይው አትፍረጂብኝ፣ ዕድል። መጥተሽ እዪው።»

«ምኑን ነው የማየው? እዚያው ነበርኩ እኮ!» ድምፅዋ ከፍ ሲል ቡና ቀጂው ልጅ ዘወር ብሎ ማሽኑን ይወለውል ጀመር። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። «አባቴ ለእናቴ እንኳ ነግሯት የማያውቀውን ነገር ተናገረ። ሲፈራ አይቼው አላውቅም ነበር፣ ዓብዩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈራ ሰማሁት። ሰዉ ደግሞ አጨበጨበበት። አሁን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስበህ እንደገና ልታስጨበጭብበት ነው?»

«ሕጌን ታውቂያለሽ። መጀመሪያ የሚያዩት እሳቸው ናቸው። አውጣኝ ካሉኝ...»

«አይልህም! አባዬን አታውቀውም? ቢሞት አይልህም። ሳያየው 'እንዳለ ተወው' ነው የሚልህ። ከዚያ አዳራሹ መጥቶ ከረባቱን አስሮ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይሳቅበታል። ቤት ገብቶም ምንም እንዳልሆነ እራቱን ይበላል። ይሄን ልየው?»

ዓብዩን የተናገረችው ሁሉ እውነት መሰለው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ሳትሸሽ ትመልስልኛለህ?»

«ጠይቂኝ።»

«'ቪዲዮ አንሺ' እንዳለህ ስትሰማ ከፋህ?»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዋሻል። ዓብዩ ግን ቀና ብሎ አያትና «ከፋኝ» አለ። «አሁንም ይከፋኛል።»

«እንግዲያው በቃ። ትዕይንቱ ለዚያ ንቀት ካሣህ ነው።» ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች። አንድ ሌላ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ዓይኖቹን ትክ ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ሐሳቧን ለውጣ ወጣች። ካሣ የሚለው ቃል ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ዓብዩ ሊክደው ፈለገ፤ ግን እውነት እንዳይሆን ፈራ። ከሁሉ የከበደው ይህ ፍርሃቱ ነበር።

*

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ድምፅ የሚቀርጽለት ጓደኛው አዶኒያስ ቤዝመንቱ መጣ። አዶኒያስ ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛው የእናቱ፣ ችኮላው የአገሩ ነው። ከላይ የአከራይዋ ልብስ ማጠቢያ እስኪያቆም ጠበቁና የሽማግሌዎቹን ትዕይንት ከፈቱ።

«ግድግዳ?» የሚለው ሲመጣ አዶኒያስ እንደ ሁልጊዜው ሳቀ። «ብሮ፣ ይሄ ላፍ እኮ ነው ፊልሙን የተሸከመው። አዳራሹ ይፈርሳል፣ አይ ስዌር።»

«ድገመው» አለ ዓብዩ። «ምስሉን ዝጋና ድምፁን ብቻ አሰማኝ።»

«ዋይ?»

«ዝም ብለህ አሰማኝ።»

ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። የኢንጂነሩ ድምፅ መጣ፤ ጸጥታው መጣ፤ የጋሽ አያሌው ቀልድ መጣ። ከዚያ ሳቁ። አንድ ሳቅ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ይነሣል። ለማይክሮፎኑ ከሁሉ የቀረበ ነው፤ ከሁሉም ይረዝማል። ዓብዩ ዓይኑን ገለጠ።

«ይሄ ማነው?»

አዶኒያስ ጆሮው ላይ ያለውን ማዳመጫ ወደ አንገቱ አወረደና አየው። «ሲሪየስሊ? ሰው የራሱን ሳቅ አያውቅም እንዴ? ዩ፣ ማን። አንተ ነህ።»

ዓብዩ የዚያን ቀን መሳቁን ፈጽሞ አያስታውስም። ሰው፣ እሱን ያዋረደ ሌላ ሰው መሳቂያ ሲሆን ደስ ይለዋል፤ ደስታውን ግን ከራሱም ይደብቃል። ማይክሮፎኑ አልደበቀለትም።

«ከ'ሕልም ይከፍትላታል' በኋላ ለምን ያህል ጊዜ ዝም ይላሉ?»

«እ... ጥቂት ነው። ከዚያ ጋሽ አያሌው ይገባሉ።»

«ዝምታውን አቆየው። ጋሽ አያሌውን አውጣቸው። ሳቁንም፣ ጭብጨባውንም፣ ሁሉንም አውጣው።»

«ኖ! አቢ፣ ኖ! አር ዩ ክሬዚ? ቤስት ላይናችንን? ጋሽ አያሌው ራሳቸው ለሰው ሁሉ እያወሩት ነው እኮ!»

«ጋሽ አያሌውን እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»

አዶኒያስ እያጉረመረመ ቆረጠው። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምረው አዩት። ሽማግሌዎቹ ይቆማሉ። አባትየው ይናገራሉ። ጥያቄያቸው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ዓይናቸው በሩ ላይ። ማንም አይመልስላቸውም፤ ማንም አያስቀይማቸውም። ትዕይንቱ በፊታቸው ላይ ያልቃል።

አዶኒያስ ማዳመጫውን አስቀመጠና «ኦኬ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «መጣሁ፤ አባቴን ኮል ላድርገው» ብሎ ደረጃውን ወጣ። ዓብዩ ብቻውን ቀረ። ትዕይንቱ እንዲህ አምሮ አያውቅም፤ እሱም በራሱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

*

እሑድ ከምሳ በፊት አሌክሳንድሪያ ደረሰ። በሩን የከፈቱለት ወይዘሮ ስሂን ናቸው። «ና ግባ፣ የኔ ልጅ። እሱ ኩርፊያ ላይ ነው፤ ለኔ ተወው» አሉት በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታቸው ግን ሳሎኑ ድረስ ይሰማ ነበር።

ኢንጂነሩ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። ዕድላዊት ደረጃው ሥር ቆማለች፤ አንገቷን ነቅንቃ ሰላም ከማለት በቀር ወደ እሱ አልመጣችም።

«ደህና አደሩ፣ ጋሼ። ፊልሙ ሳይላክ እርስዎ ያሉበትን እንዲያዩት ነው የመጣሁት። የሁሉም ሰው ደንብ ነው።»

«አያስፈልግም» አሉ፣ እጃቸውን አወዛውዘው። «እንዳለ ተወው።»

ዕድላዊት ወደ ዓብዩ አየች። «አላልኩህም?» ይላል ዓይኗ።

«ሳያዩት 'ተወው' ካሉኝ አወጣዋለሁ፣ ጋሼ» አለ ዓብዩ። ድምፁ አልጠነከረም፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ሳያዩ የሚሰጡኝን ፈቃድ አልቀበልም። አሁን እዚሁ ቁጭ ብዬ አወጣዋለሁ።»

ኢንጂነሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት። «ፊልምህ አይጎዳም?»

«ይጎዳል።»

«ኧረ እይለት!» አሉ ወይዘሮ ስሂን። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ ሳየው የኖርኩትን ፊት አንተ ፈራኸው እንዴ?»

ዓብዩ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ ከፈተ። ኢንጂነሩ መነጽራቸውን አደረጉ። ትዕይንቱ ሲጀምር ዕድላዊት ከደረጃው ሥር አልተንቀሳቀሰችም፤ አባቷ ንግግራቸውን ሲጀምሩ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሳቁ የሚመጣበትን ቦታ እየጠበቀች ትከሻዋን ሰበሰበች።

ሳቁ አልመጣም።

ኢንጂነሩ ጥቁሩን ስክሪን ሲያዩ ቆዩ። «ድገመው» አሉ። ደገመው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«አያሌው መልሶልኝ ነበር።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሰው ሁሉ ሳቀ።»

«አዎ።»

«አንተም ስቀሃል። ሰምቼሃለሁ።»

ወይዘሮ ስሂን ሊገቡ አሉና ተዉት። ዓብዩ ፊታቸውን እያየ መለሰ። «ስቄያለሁ። ራሴን የሰማሁት ከትናንት በስቲያ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ታዲያ የት አለ? የሚያስቀው እሱ አልነበረም?»

«አወጣሁት።»

«አሸንፎኝ ነበር እኮ።»

«አላሸነፉዎትም፣ ጋሼ። ጥያቄዎ ከበደን፤ ሁላችንም በሳቅ አመለጥነው። ፊልሙ ውስጥም እንድናመልጠው አልፈለግኩም።»

ኢንጂነሩ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ አሰቡ። «እምቢ ያልኩት እኮ አንተን ነው።»

«ዐውቃለሁ።»

«ታዲያ እኔን እንዲህ አድርገህ... እንዲህ አክብረህ...» አልጨረሱትም። «አባቴ እንዲህ ነበር የሚቀመጠው። እጁን እንዲህ አድርጎ። እኔ እንደምቀመጥ አላውቅም ነበር።»

ደረጃው ሥር ዕድላዊት ቁጭ አለች። እጇ አፏ ላይ ነው። ለዚህ ሰው የላከችለት መልእክት፣ ካፌው ውስጥ ጥላው የሄደችው ቃል፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተመልሶ እሷው ላይ ወደቀ።

«እሺ» አሉ ኢንጂነሩ ድንገት ድምፃቸውን አጠንክረው፤ ዓይናቸው ማርጠቡን ሰው እንዳያይባቸው ይመስላል። «ያልተመለሰ ጥያቄ ነው ካልክ ተጠያቂው አንተ ነህ። መልስ አለህ?»

«የለኝም፣ ጋሼ። እውነቱን ልንገርዎ፣ የምኖረው ቤዝመንት ነው። የበሩም ሁለተኛ ቁልፍ አከራይዋ ጋ ነው።»

ወይዘሮ ስሂን ሳያስቡት «ክክክ» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«አባዬ» አለች ዕድላዊት።

ሁሉም ዞሩ። ከደረጃው ተነሥታ መጥታ አባቷ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅ ሆና የቤት ሥራዋን ስታሳያቸው እንደምትቀመጠው።

«በር ስትቆጥርልኝ ኖርክ። አጎት የለሽም፣ አክስት የለሽም፣ እኔም አረጀሁ እያልክ። እኔን ግን አልቆጠርከኝም። አምና እማዬ ስትታመም የማንን በር አንኳኳችሁ?»

ኢንጂነሩ ወደ ወይዘሮ ስሂን አዩ።

«ለማን ደወላችሁ፣ አባዬ?»

«ላንቺ።»

«ከሺፍቴ ጥዬ መጣሁ አይደል? ነገ አንተ ብትታመም ማነው የሚከፍትልህ? እኔ ነኝ። ዓብዩ ፊልሙ ባይሳካለት፣ ሰው ሁሉ ቢስቅበት፣ ማን ጋ ይመጣል? እኔ ጋ። ትዳሬ ቢከፋብኝ አለቅሳለሁ፤ እጎዳለሁ። ግን ደጅ አልወድቅም። አንተ እኮ ነህ እንዲህ አድርገህ ያሳደግኸኝ። ያሳደግኸውን አታውቀውም?»

ኢንጂነሩ ትልቁን እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ። ጸጉሯን ሊያሻሹት ፈልገው እንዴት እንደሚጀመር የረሱ ይመስል እጃቸው እዚያው ቆየ። ዓብዩ ካሜራ አልያዘም፤ መያዝም አልተመኘም። በሕይወቱ ካያቸው ሁሉ ይበልጥ ያማረው ነገር ከፊቱ ነበር፤ የሚገባው ማየት ብቻ መሰለው።

በመጨረሻ ኢንጂነሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትዕይንቱ ይቆይ። እንዳለ። ሰው ይየው።» ከዚያ ወደ ዓብዩ ሳይዞሩ፣ ለግድግዳው እንደሚናገሩ ሁሉ፦ «ሽማግሌ መላክም ያንተ ፈንታ ነው፤ ደጄ ተከልክሎ አያውቅም። ግን በመጀመሪያው ቀን እሺ አልልም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ሰምቼ አላውቅም።»

«ኧረ በሁለተኛውም በለኝ!» አሉ ወይዘሮ ስሂን እንባቸውን እየጠረጉ። «ለሽማግሌ ሁለቴ የምደግስ መስሎሃል? አንዱን ቀን በውሃ ነው የማሳልፋቸው!»

ዕድላዊት ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ፊቷን አባቷ ጉልበት ላይ ደፋች።

*

ወይዘሮ ስሂን ምሳ እስኪያቀርቡ ሁለቱ ደጅ ወጥተው መኪናው ጎን ቆሙ። መንገዱ ማዶ አንድ ጎረቤት ሣሩን ያጭዳል። እሷ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራለች፤ እሱ የሚያደርገው ጠፍቶት የመኪናውን ቁልፍ ያገላብጣል።

«ካሣህ ነው ያልኩህን መልሰው» አለችው።

«አልመልሰውም። ግማሹ እውነት ነበር። ባትዪኝ ኖሮ ሳቄን አልሰማውም ነበር።»

ዕድላዊት ያጣመረችውን እጇን ፈታች። የሣር ማጨጃው ድምፅ ራቀ፣ ተመልሶ ቀረበ።

«እኔ ሰምቼዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሳቅህን። ያን ቀን ከበሩ ኋላ ሆኜ። ያ ሁሉ ሰው ሲስቅ የለየሁት አንድ ሰው ነው፤ አንተን። አባቴ ላይ ስትስቅ። የሰዉ ጭብጨባ አልነበረም የጎዳኝ፣ ዓብዩ።»

ካፌው ውስጥ ተናግራ ሳትጨርስ የዋጠችው ይህ ነበር። ዓብዩ ፊቱ ተለወጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔ ከነገርኩህ ይቅርታ ትለኛለህ፤ እኔም እሺ እልሃለሁ፤ በቃ ያልቃል። ራስህ እንድትሰማው ነበር የፈለግኩት። ካልሰማኸው...» ድምፅዋ ተሰበረ። «ካልሰማኸው ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። አርብና ቅዳሜ እንዴት እንደነጋልኝ አልነግርህም። አንድ ሰው ወድጄ ነበር፤ የሰው ፊት እንዳይጎዳ ብሎ የራሱን ሥራ የሚጥል ሰው። ያ ሰው የለም እንዳይባል ፈራሁ።»

ለሰው ሁሉ ንግግር ሲጽፍ የኖረ ሰው ለራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣ። እጇን ብቻ ያዘ። ጣቶቿ በሞቃቱ ቀን ቀዝቅዘው ነበር። ሲይዛቸው አልሸሹም፤ ቀስ እያሉ በመዳፉ ውስጥ ተከፈቱ። ሊያጣት እንደነበር ያን ጊዜ ነው በእውነት የገባው፤ እጇ በእጁ ውስጥ እያለ፣ ያጣት ይመስል ልቡ ታመመ።